የኔታ ሲሳፈሩ ብቻ የምትጮኸው ሚሌቼንቶ

አሮጌ መኪና ያለው ሰው ዘመድ አያጣም። ኮፋኖውን መንገድ ዳር ከፍቶ ይቁም እንጂ፣ ባሕር ዳር ውስጥ የማያውቀው ሰው ሁሉ መጥቶ አንገቱን ያስገባለታል። አንዱ «ካንዴላ ነው» ይላል። ሌላው «የለም፣ ቤንዚኑ ውስጥ ውሃ ገብቷል» ይላል። ሦስተኛው ምንም አይልም፤ ከንፈሩን መጥጦ፣ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ይሄዳል። እኔ የምፈራው ሦስተኛውን ነው።

የእኔዋ ጣሊያን ሠራሽ ሚሌቼንቶ ናት፤ ከአባቴ የወረስኋት። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ «አንቱ» ያላልኋት ሚስቴ እንዳትስቅብኝ ብዬ ነው። ቀለሟ ድሮ ሰማያዊ ነበር፤ አሁን ጣና በክረምት ጎርፍ ሲገባበት የሚይዘውን መልክ ይዟል። የባጃጅ ሾፌሮች በግራም በቀኝም ያልፉኝና «ፋዘር፣ እየነዳሃት ነው ወይስ እያስታመምሃት?» ይሉኛል። አልመልስላቸውም። እነሱ ሲያረጁ የሚያወርሱት ባጃጅ እንደሌለ አውቃለሁና።

እንጀራዬ ዜና ነው። ጎርፍ ዘግቤያለሁ፤ የገበያ ቃጠሎ ዘግቤያለሁ፤ የጣናን እምቦጭ ለመንቀል የወጣውን ሕዝብ ወገቤ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሜ አነጋግሬያለሁ። ሥራው ያስለመደኝ አንድ ጠባይ አለ፦ የአንድ ሰው ቃል ብቻ ሰምቼ አላምንም። ሁለተኛ እጠይቃለሁ፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ሦስተኛ እፈልጋለሁ። ይህ ለጋዜጣ መልካም ነው። ለአሮጌ መኪና ግን ጥፋት ነው፤ ምክንያቱም ስለ አሮጌ መኪና ሁለት ሰው ተስማምቶ አያውቅም።

አሁን ወደ የኔታ ልሂድ። የኔታ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ የአቋቋም መምህር። ካህናት ማኅሌት ላይ በመቋሚያ፣ በጸናጽልና በከበሮ እንዴት እንደሚያሸበሽቡ የሚያስተምሩ ናቸው ማለቴ ነው። እኔ ልጅ ሆኜ እግራቸው ሥር ትንሽ ተቀምጬ ተነሥቻለሁ፤ የያዝሁትም ይህን ያህል ነው፦ ነገሩ በዝማሜ ይጀምራል፤ መቋሚያው ዝግ ብሎ ይወዛወዛል፣ መሬቱን ረጋ አድርጎ ይመታል። ከዚያ መረግድ ይመጣል፤ ፈጠን ይላል። በመጨረሻ ጽፋት ይከተላል፤ እዚያ ላይ እንኳን ሰው ምሰሶውም ዝም ብሎ የሚቆም አይመስልም።

ችግሩ የየኔታ ጉልበት አልታጠፍ ማለቱ ነው። ሚኒባስ ሲሳፈሩ ረዳቱ «አባ፣ እግርዎን ሰብሰብ» ይላቸዋል፤ እግሩ ደግሞ አይሰበሰብም። የሚሌቼንቶዬ የኋላ መቀመጫ ግን ለእግራቸው የተለካ ይመስላል። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ በጢስ ዓባይ መንገድ ወዳለች አንዲት ደብር አደርሳቸዋለሁ፤ ተማሪዎቻቸው እዚያ ይጠብቋቸዋል። ሌላውን ቀን ሁሉ ቤታቸው ተቀምጠው ቅዳሜን ነው የሚጠብቁት። ማክሰኞ ልትጠይቋቸው ብትሄዱ፣ ሰላምታው ሳያልቅ «ሰማዩ ለቅዳሜ እንዴት ይመስላችኋል?» ይሏችኋል።

ድምፁ የመጣው ከትንሣኤ በኋላ ነው። ለበዓሉ መኪናዋን ሳጸዳ የበሰበሰውን የወለል ምንጣፍ አውጥቼ ጥዬ፣ አጥቤ፣ ወልውዬ፣ ሙሽራ አስመስያታለሁ። ቅዳሜ ጧት የኔታ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ከኋላ ተሳፈሩ። ከፋሲሎ ሰፈር ወጥተን አስፋልቱ ሲለሰልስ ከመኪናዋ ሆድ ውስጥ «ጓ» የሚል ነገር ሰማሁ። ቆየት ብሎ ደገመ፤ «ጓ።» ፍጥነት ስጨምር «ጓ፣ ጓ።» ይበልጥ ስጨምር «ጓጓ፣ ጓ፣ ጓጓ፣ ጓ።» ስቀንስ እሱም ቀነሰ። መኪና የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ያማትባል። ከፍጥነት ጋር የሚጨምርና የሚቀንስ ድምፅ ከሚሽከረከር ነገር ነው የሚመጣው፤ ከካምቢዮ፣ ከዲፈረንሻል፣ ወይም ሁለቱን ከሚያገናኘው ረጅም ዘንግ።

«የኔታ፣ ይሰማዎታል?»

«ምኑ ልጄ?»

«ድምፁ። ከወለሉ ሥር።»

ጆሯቸውን አቀኑ። እኔም ትንፋሼን ዋጥሁ። ድምፁ ጠፋ።

«እንግዳ ድምፅ አልሰማሁም» አሉ። የኔታ ደግሞ ከመቶ ተማሪ መካከል አንዱ ቢሳሳት ዐይናቸውን ሳይገልጡ በስሙ የሚጠሩ ሰው ናቸው።

ሚስቴ ብርቄ ወሬውን ስትሰማ አልሳቀችም። «ያ ዘንግ መንገድ ላይ ቢበጠስስ? ሽማግሌ ይዘህ! እስኪገኝ ድረስ የኔታን በዚህች መኪና እንዳትጭን» አለች። እንዳትጭን ማለት ቀላል ነው። ግን የኔታን በምን ላደርሳቸው? ቅዳሜን መከልከል ደግሞ ለእሳቸው አየር መከልከል ነው። እንግዲህ ድምፁን እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ድረስ ማግኘት ግዴታ ሆነ።

ወደ ኑሩ ሄድሁ። ኑሩ አብሮ አደጌ ነው። አባቱም አያቱም ጣና ዳር ጀልባ ሠሪዎች ነበሩ፤ እሱ በጀልባ ሞተር ጀምሮ ወደ መኪና ተሻገረ። ጋራዡ ሐይቁ ጫፍ ላይ ነው፤ ግማሹ መኪና፣ ግማሹ ጀልባ፣ የቀረው ዓሣ የሚጠብቅ ድመት።

ቁልፉን ተቀብሎ ጎኑ አስቀመጠኝና ከተማውን አዞረን። መኪናዋ እንደ ሐር ሄደች።

«ታዲያ የታለ?» አለኝ።

«የኔታ ሲኖሩ ነው የሚጮኸው።»

«ሚስትህን አድርሰሃት ታውቃለህ?»

«አዎ።»

«ስታደርሳትስ አትጮህም?»

«መኪናዋ አትጮህም።»

የኔታን ይዘናቸው መጣን። ኑሩ ድምፁን ከቅርብ ልስማ ብሎ ከኋላ አጠገባቸው ተቀመጠ። ይህ የመጀመሪያው ስሕተታችን ነበር። የኔታ እንግዳ አጠገባቸው አስቀምጠው ዝም አይሉም። የእናቱን ጤና ጠየቁት። የአባቱን ነፍስ ይማር አሉ። አያቱ የሠሩላቸውን ጀልባ አነሡ፤ የዘንድሮን ዓሣ፣ የአጎቱን ልጅ ሠርግ፣ የጎረቤቱን ወንዝ ተሻግሮ የጠፋ በሬ ጠየቁ። ወሬው ሲያልቅ መንገዱም አለቀ። መኪናዋ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

በሚቀጥለው ቀን ኑሩ ከፊት ተቀመጠ። ረጅም ዱላ አምጥቶ አንዱን ጫፍ ወለሉ ላይ፣ ሌላውን ጆሮው ላይ አደረገ፤ ጎንበስ ብሎ እንደ ሐኪም አዳመጠ። ትንሽ እንደ ሄድን ብድግ ሲል ራሱን ከጣሪያው አጋጨ።

«አለ! ወላሂ አለ! ዝም በሉ!»

ሁላችንም ዝም አልን። ድምፁም ዝም አለ። ዱላውን ወደ ግራ ወሰደ፤ ወደ ቀኝ ወሰደ። ምንም። ተስፋ ቆርጦ ቀና ሲል፦ «ጓ።»

«ይቺ መኪና ሰው ሲያዳምጣት ታፍራለች» አለ፤ ራሱን እያሸ።

«ጨዋ አሳድጓታል ወንድሜ» አሉ የኔታ ከኋላ፤ አባቴን ማለታቸው ነው።

ኮረኮንቹ ላይ ስንደርስ ደግሞ ጭራሽ ጠፋ። የኔታ በአንድ እጃቸው መስኮቱን፣ በሌላው የፊት መቀመጫውን አጥብቀው ይዘው ነበር። ኑሩ በንዴት ጉልበቱን መታ። «መኪና በኮረኮንች ይጮሃል እንጂ በአስፋልት ይጮሃል? ይሄ ተገልብጦ የተሠራ በሽታ ነው!»

በሽተኛ ግን መታከም አለበት። ኑሩ ዘንጉን ፈታ፤ የዘንጉ መጋጠሚያ፣ ክሮቼራው፣ ደህና ነበር። የጎማ ኩሽኔታ ቀየረ። የዲፈረንሻሉን ዘይት አፍስሶ በጣቱ መሐል አሻሸ፣ አሸተተ፤ ይቀምሰዋል ብዬ ስፈራ ተወው። የኔታን ይዘን እንደገና ወጣን። «ጓ፣ ጓ፣ ጓጓ።» እንዲያውም ጥገናው ያስደሰተው ይመስል ጠንከር ብሎ ነበር።

አንድ አዲስ ሐሳብ ያመጣችው ብርቄ ናት። «እሳቸው ሲኖሩ ብቻ ከሆነ ክብደት ነው። የእሳቸውን ያህል ዕቃ ጭናችሁ ለምን አትሞክሩም?»

ትክክል ነበረች። ግን የኔታ ምን ያህል ይከብዳሉ? ይህን ሳስብ ዐይኔ ሳላውቀው ወደ እህል ነጋዴው ሚዛን ሄደ። ብርቄ አየችኝ።

«የኔታን? እህል ሚዛን ላይ? በቁመህ ሞተሃል!»

ኑሩ ግን የጀልባ ሠሪ ልጅ ነው። ጀልባ ሠሪ ሚዛን አያውቅም፤ ውሃ ነው የሚያውቀው። የኔታን «ሐይቁ ላይ አየር ልናስቀብልዎ» ብለን ጋበዝናቸው፤ ደስ ብሏቸው መጡ። ትንሿ ጀልባ መሐል በክብር ተቀመጡ። ኑሩ ከውጭ ጎንበስ ብሎ ውሃው ጀልባዋ ላይ የደረሰበትን በከሰል አሰመረ።

«ምን ትጽፋለህ ልጄ?»

«ውሃው የት እንደ ደረሰ ነው የኔታ።»

«መልካም። ውሃ የት እንደ ደረሰ የማያውቅ ዋናተኛ፣ ዋና አያውቅም ማለት ነው።»

እንደ ጋበዝናቸው አንድ ዙር ቀዝፈን መለስናቸው፤ አለዚያ ወንጀል ይሆንብን ነበር። ቤታቸው ካደረስናቸው በኋላ ከነጋዴው የይፋግ ሩዝ በጆንያ ተውሰን ጀልባዋን ጫንናት፤ ከሰሉ ውሃ እስኪነካ ድረስ። የኔታ በሩዝ ሲተመኑ አንድ ጆንያ ሙሉና አንድ ጎደሎ ጆንያ ሆኑ። ሁለቱን ወስደን የኋላ መቀመጫው ላይ፣ የኔታ በሚቀመጡበት በኩል፣ ቀጥ አድርገን አስቀመጥናቸው። እንዳይወድቁ በነጠላ አሰርናቸው።

አደባባዩ ላይ አንድ ባለ ባጃጅ አጠገቤ ቆመና ወደ ውስጥ አየ። «ፋዘር፣ ሩዙን ወዴት እየሸኛችሁት ነው?»

ሩዙ ጨዋ ነበር። በአስፋልት ላይ፣ በቀስታም፣ በፍጥነትም፣ ዳገትም ቁልቁለትም ዝም አለ። ኑሩ ጋራዡ ደርሰን ስንወርድ ሩዙን በንቀት አየው።

እኔ ብዙ ምስክር ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ሩዝ ዝም ብሎ ጉዳይ ያበላሸብኝ ግን የለም። ክብደት አይደለም። ታዲያ ምንድን ነው?

ዓርብ ዕለት የኔታ ጋራዡ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ የነገውን ጉዞ ለማረጋገጥ መምጣታቸው ነው። ኑሩ ከመኪናዋ ሥር ሆኖ፣ እሳቸው መምጣታቸውን ሳያይ፣ እንደ ልማዱ ጮኾ ተናገረ። «በቃኝ! የኔታ ሲወጡባት ነው የምትጎዳው! እሳቸው ባይኖሩ መቶ ዓመት ትሄዳለች!»

ድመቷ እንኳ ገላዋን መላሷን አቆመች።

የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሡ። «ልጄ» አሉኝ፤ «የወንድሜን መኪና ሰብሬ አልሞትም። ነገ አድርሰኝና ተማሪዎቼን ልሰናበት። ከዚያ በኋላ ቤቴ እቀመጣለሁ።»

«የኔታ፣ ኑሩ እኮ ቀልዱን ነው—»

«ሸክም መሆኑን ያወቀ ሸክም፣ ራሱ ይወርዳል» አሉና ተራመዱ።

በጎርፍ መሐል ፊቴ ሳይለወጥ ሠርቻለሁ። ያን ቀን ግን ከጋራዡ ጀርባ ሄጄ ሐይቁን ብዙ ሰዓት ሳይ ቆየሁ። ኑሩ ከሥሯ ወጥቶ በዘይት በተነከረ እጁ ፊቱን ሸፈነ፤ ሲገልጠው ቃሉ ብቻ ሳይሆን ፊቱም ጠቁሮ ነበር።

ቅዳሜ ጧት ብርቄ እያጉረመረመች የግቢውን በር ከፈተችልኝ። የኔታ መቋሚያቸውን ይዘው እንደ ልማዳቸው ከኋላ ተሳፈሩ። ድምፁ ነበረ፤ ግን ደክሟል። «ጓ።» ብዙ ቆይቶ፣ «ጓ።» እኔም ስለ ፈራሁ በእርጋታ ነዳሁ። መኪናዋ ልትሞት ነው፣ አብረውም የየኔታ ቅዳሜዎች ሊሞቱ ነው አልሁ።

ከደብሯ ቅጥር ውጪ መኪናዬን የማቆምበት አንድ ዋርካ አለ፤ የኔታ የሚያስተምሩት ከግንቡ ወዲያ ካለው ጥላ ሥር ነው። እሳቸው ገቡ። እኔ ሞተሩን አጥፍቼ፣ ቁልፉን ኪሴ ከትቼ፣ ኮቴን አውልቄ መኪናዋ ሥር በጀርባዬ ተንሸራተትሁ። አንድ የላላ ብሎን፣ አንድ የተሰነጠቀ ነገር ባገኝ ብዬ ዘንጉን በእጄ ዳሰስሁ። ደህና። ካምቢዮውን አንኳኳሁ። ደህና። ያን ጊዜ ሰማሁ።

«ጓ፣ ጓ። ጓጓ፣ ጓ።»

ቁልፉን ኪሴ ውስጥ ዳበስሁ። አለ። ጎማዎቹን አየሁ። ቆመዋል። ድምፁ ግን አለ፤ ያውም ከዚያች አንዲት ደካማ «ጓ» በዝቶ፣ ተባዝቶ፣ መንጋ ሆኖ። እዚያው እንደ ተጋደምሁ ለኑሩ ደወልሁ።

«ኑሩ፣ ድምፁ አለ።»

«በስንተኛ ማርሽ?»

«ቆማለች።»

«ሞተሩስ?»

«ጠፍቷል።»

«ሰውዬ፣ ውጣ ከሥሯ! አሁን ውጣ!»

ወጣሁ። ድምፁ ግን ከመኪናዋ ርቄ ወደ ግንቡ ስጠጋ ይበልጥ ጎላ። አንገቴን አስግጌ አየሁ። ተማሪዎቹ በሁለት ረድፍ ቆመዋል። መቋሚያዎቹ አብረው ይነሣሉ፣ አብረው ያዘነብላሉ፣ የእርከኑን ድንጋይ አብረው ይመታሉ። መካከላቸው የኔታ፣ ዐይናቸውን ጨፍነው። ካምቢዮዬ፣ ዲፈረንሻሌ፣ ክሮቼራዬ፣ ሁሉም ነጠላ ለብሰው ቆመዋል።

አሁን ሁሉም ነገር ራሱን አስተካክሎ ተሰለፈ። የኔታ መኪና ውስጥ ተቀምጠው በልባቸው ያዜማሉ። በጋቢው ሥር መቋሚያቸው ዘንጉን የሚሸፍነውን ባዶ ብረት ይመታል፤ ምንጣፉን የጣልሁት እኔው ነኝ። መኪናዋ ስትፈጥን መረግድ ይገባሉ፤ ስትዘገይ ወደ ዝማሜ ይመለሳሉ። ሰው ሲያነጋግራቸው ያቆማሉ። «እናዳምጥ» ስንል እሳቸውም ከልባቸው ሊያዳምጡ ያቆማሉ። በኮረኮንች እጃቸው ሥራ ይፈታል። ይህን ሁሉ ጊዜ ሞተሩን፣ ዘይቱን፣ ሩዙን ሳይቀር መረመርን። ሽማግሌውን ዞሮ ማየትና «ምን እያደረጉ ነው?» ማለት ግን ከእኛ አስተዳደግ ውጪ ነው።

ስልኩ ገና እጄ ላይ ነበር። ለኑሩ ነገርሁት። ሳቁ ጣናን ተሻግሮ የሚሰማ ነበር።

«በል ሂድና ንገራቸው» አለ።

«እንዴት ብዬ? አንተ ንገራቸው።»

«እኔ እስላም ነኝ፤ ስለ መቋሚያ ምን አገባኝ? ሂድ!»

ባለሥልጣን አፋጥጬ ጠይቄ አውቃለሁ። የኔታን «ድምፁ እርስዎ ነዎት» ማለት ግን እግሬን አሰረው። እንዲህ ስንቀዋለል ምቱ ቆመ። ቀና ስል የኔታ እጃቸውን አንሥተዋል፤ ተማሪዎቹም ጸጥ ብለዋል።

«ልጆቼ» አሉ። «ዛሬ አንድ ነገር ልነግራችሁ ነው።»

«የኔታ!»

ሁሉም ዞሩ። ጀርባዬ አፈር፣ እጄ ዘይት፣ ሸሚዜ ከሱሪዬ ወጥቷል። መኪና የበላው ሰው መስዬ ነበር።

«ምን ሆንህ ልጄ?»

«ተገኘ! ጉዳቱ ተገኘ!»

«ምን ነበር?»

ይህን በተማሪዎቻቸው ፊት አልልም። ተጠግቼ በጆሯቸው ነገርኋቸው፤ ሁሉንም፣ ጀልባውንም፣ ሩዙንም፣ አንድም ሳልደብቅ። መጀመሪያ አልገባቸውም። መቋሚያቸውን አዩ። ቀስ ብለው ድንጋዩን አንድ ጊዜ መቱ፤ «ጓ።» ዐይናቸው ፈጠጠ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ታመሙብኝ ብዬ ስደነግጥ ሳቅ ኖሯል። ጋቢያቸው እስኪወርድ ሳቁ። «በሩዝ?» ይሉና እንደገና ይስቃሉ። «ከሰሉ ይሄ ነበር?» ይሉና ግንቡን ይደገፋሉ።

በመጨረሻ እንባቸውን ጠርገው ወደ ተማሪዎቹ ዞሩ። «ልነግራችሁ የነበረውን ረስቼዋለሁ። ቅዳሜ እንገናኝ።»

ስንመለስ በሩን ዘግቼ ቁልፉን ሳዞር ከኋላ የሚያሳፍር ዝምታ ይጠብቀኛል ብዬ ነበር። የጠበቀኝ ግን ወቀሳ ነው።

«ለካ አንተ ነህ!»

«ምን አደረግሁ የኔታ?»

«መረግዱ መሐል ለምን እንደሚሰበርብኝ ግራ ገብቶኝ ከርሜያለሁ። አረጀሁ፣ ማስታወሴ ሄደ ብዬ ፈርቼ ነበር። ለካ አንተ ማርሽ ትቀይርብኛለህ! አንድ ነገር ሳይጨረስ ማርሽ ይቀየራል?»

«የኔታ፣ ሞተሩ ሲጠይቅ ነው የምቀይረው።»

«ሞተሩ ተማሪ ነው፤ ይጠብቅ። እኔ ‹አሁን› ስልህ ትቀይራለህ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ የምነዳው እንደዚህ ነው። ምንጣፍ አላነጠፍሁም፤ ብርቄ ገዝታ ብታመጣም ጓዳ ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። የኔታ ከኋላ ያዜማሉ፣ ይመታሉ፣ «አሁን!» ይላሉ፤ እኔ እቀይራለሁ። ስሳሳት ደግሞ እንደገና ከዝማሜው ይጀምራሉ፤ መኪናዋም አብራ ከአንደኛ ማርሽ ትጀምራለች።

ባለፈው ቅዳሜ ወደ ከተማ ስንገባ ከኋላችን ረጅም ሰልፍ ተፈጥሮ ኖሯል፤ ክላክሱ ሁሉ ይጮሃል። ትራፊክ ፖሊሱ አስቆመኝና በመስኮቱ ጎንበስ አለ።

«ጋሼ፣ መኪናዋ ምን ሆነችብዎ? ለምንድን ነው እንዲህ የሚጎተቱት?»

እኔ አፌን ሳልከፍት የኔታ ከኋላ መለሱለት።

«ገና ዝማሜ ላይ ነን ልጄ።»

ፖሊሱ ቀና ብሎ አያቸው። ጋቢውን አየ፤ መቋሚያውን አየ። ቆቡን አውልቆ በብብቱ ያዘ።

«ይቅርታ የኔታ፣ አላየሁዎትም» አለ። ወደ ኋላ ዞሮ ሰልፉን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ብቻ ከአደባባዩ በፊት መረግድ ይግቡልን፤ ከኋላዎ ሁለት ባስ አለ።»